ስም የወጣለት ጥፋት

የቅርጫት ኳስን ሕግ ማን አበላሸው ብትሉኝ ዳኛውን አልከስም። የምከሰው ስም አውጪውን ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የጥፋት ዕድሜ አጭር ነው። መጀመሪያ ፊሽካ ይነፋበታል፤ ቀጥሎ አንድ ዝነኛ ተጫዋች ያዘወትረዋል፤ ከዚያ አንዱ ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው ያማረ ስም ያወጣለታል። ስም ከወጣለት በኋላ ጥፋትነቱ ይቀርና ጥበብ ይሆናል፤ ልጆች በየጓሮው ይለማመዱታል። እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ኳሱን ታቅፎ ሄደ እኮ!» ብዬ ስጮህ፣ ገና ጢም ያላበቀለው የልጅ ልጄ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አባባ፣ ትራቭል አይደለም፤ ጋዘር ነው» ይለኛል።

ጋዘር! አያቴን የሚያክል ሕግ በሦስት ፊደል ተሻረ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ቴሌቪዥኑ የእኔ አይደለም፤ የኤንቢኤ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጁ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ከልጁ ጋር በዚህም እንዳልጣላ።) የከተማችን ቡድን ዋሽንግተን ቀድሞ ቡሌትስ፣ ጥይቶች ይባል ነበር። ባለቤቱ ኤብ ፖሊን በከተማው በጥይት የሚረግፈው ሰው አሳዘነው፤ ወዳጁ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በጥይት ሲገደል ደግሞ ጨርሶ ቆረጠ። በ1997 ስሙ ተቀየረ። ደግ አሳብ ነው፤ ነፍሱን ይማር። ነገር ግን ጥይትን የጣለ ሰው የሚያነሳው ስም ጠፍቶ ነው ዊዛርድስ፣ ጠንቋዮች ያላቸው? አንድ እሑድ የነፍስ አባታችን ለጠበል ጸዲቅ ቤታችን ተቀምጠው ሳለ ልጁ ዘው ብሎ ገባና «አባባ፣ ዛሬ ማታ ጠንቋዮቹ ጋ እንሄዳለን አይደል?» አለ። ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማስረዳት ለእኔ ተተወ፤ ባለቤቴ ወጥ ልታማስል ወጥ ቤት ገብታ እስኪሄዱ አልወጣችም።

ይህን ጨዋታ እኔ የተማርኩት አራት ኪሎ፣ ወወክማ ነው። ለጉራ አይደለም የምነግራችሁ፤ ጥቂት ለጉራም ነው። ጨዋታው ራሱ የተወለደው ወወክማ ቤት ነዋ! በ1891 ታኅሣሥ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል ካናዳዊ መምህር በብርድ ምክንያት ቤት ውስጥ የታጎሩ አስቸጋሪ ጎረምሶች ተሰጡት። ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ከሰገነቱ ወዲህና ወዲያ አስመታ፤ የእግር ኳስ ሰጣቸው፤ 13 ሕግ ጽፎ ለጠፈላቸው። ዘጠኝ ለዘጠኝ ገጠሙ፤ 1 ለ 0 ተለያዩ። ቅርጫቱ መቀመጫው ስላልተቀደደ ኳስ በገባ ቁጥር ሰው መሰላል ላይ እየወጣ ያወርድ ነበር። ዛሬ መሰላል የማያስፈልጋቸው ቁመተ ረጃጅሞች ስለሚጫወቱት፣ ይህችን የመሰላል ነገር ስናገር ልጁ የፈጠርኩበት ይመስለዋል።

ከ13ቱ ሕጎች ሦስተኛው ግልጽ ነው፤ ኳስ የያዘ አይሮጥም፣ ከያዘበት ቦታ ይወረውራል። ማንጠር እንኳ አልነበረም፤ እሱ ኋላ የመጣ ነው። ኔይስሚዝ ከጊዜ በኋላ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አሰልጣኝ ሆነ፤ 55 አሸንፎ 60 ተሸነፈ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጥ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ሕግ ያወጣ ሰው ዕጣው ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ትራቭል ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ኳስ ይዞ ሳያነጥሩ መሄድ ትራቭል ይባላል። እኛን ሲያስተምሩን አንዱን እግርህን ትተክላለህ፤ ፒቮት እሱ ነው። በሌላው እግርህ ብትፈልግ ዞረህ ተመለስ፣ የተተከለው ተነቅሎ መልሶ መሬት ከነካ ግን ፊሽካ። እግራችንን ስንተክል የሰነበተ ዋርካ እንመስል ነበር። አሁን ተጫዋቹ እየነዳ መጥቶ ኳሱን በእጁ ሲሰበስብ ጋዘር ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት እርምጃ እንዲፈቀድለት ኤንቢኤ በ2009 በሕግ መጽሐፉ ላይ አሰፈረ። ይሁን፤ ሁለት። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ስቆጥር ሦስት ነው።

«የመጀመሪያው አይቆጠርም አባባ። ኳሱን እየሰበሰበ የረገጣት ናት።»

«ማነው የማይቆጥራት?»

«ሕጉ።»

ልጁ አልዋሸም። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባም በ2017 ይህንኑ ተቀብሎ አጸደቀ፤ አሰልጣኞች ዜሮ እርምጃ ይሏታል። ሁለት ሜትር የሚሞላ ጎልማሳ እግሩን አንስቶ፣ ከእኔ ሳሎን ግማሹን የሚያክል ርቀት ተሻግሮ፣ ጫማው ወለሉን እስኪያፋጨው ድረስ አርፎ፣ ዜሮ! በዚህ ሒሳብ እኔም ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ዜሮ ነው። ታዲያ ሐኪሙ በየቀኑ እርምጃህን ካልቆጠርክ እያለ ምን ያደርቀኛል?

ዩሮ ስቴፕ የሚሉት ደግሞ አለ። ተጫዋቹ በመጀመሪያው እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ተከላካዩ አምኖት ወደዚያ ሲያዘነብል በሁለተኛው ወደ ግራ ተሻግሮ ያስገባል። በ1989 ከሊቱዌንያ የመጣው ሻሩናስ ማርቹሊዮኒስ ይዞት ገባ ይላሉ፤ ያስፋፋው ደግሞ ማኑ ጂኖቢሊ ነው። ጂኖቢሊ አርጀንቲናዊ ነው። አርጀንቲናን ወደ አውሮፓ ያዛወራት ይህ እርምጃ ብቻ ነው። በእኛ ጊዜ ፒያሳ ላይ አበዳሪውን ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ይራመድ ነበር፤ ስም ግን አላወጣንለትም።

ማንጠሩም ከዚህ አልተረፈም። ኳስ ከላይ ይመታል እንጂ መዳፍን ከሥሩ አስገብቶ መሸከም ካሪ ነው፤ አንጥሮ ይዞ ደግሞ ማንጠር ደብል ድሪብል ነው። ሁለቱም በሕጉ ላይ አሉ፤ ኳሱም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ከዚያ እዚሁ ጎረቤታችን ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የወጣው አለን አይቨርሰን መጣ። ኳሱን በመዳፉ ላይ ጥቂት አሳድሮ፣ ተከላካዩን ወደ አንድ ወገን አባብሎ በሌላው ወገን ያመልጥ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመቱ ታላቁን ማይክል ጆርዳንን እንኳ አወናበደው። ሲያደርገው ፊሽካ የነፉበት ዳኞች ነበሩ። ግን ክሮስኦቨር የሚለው ስም ከፊሽካው ይልቅ ይጮህ ስለነበር ማን ይስማቸው! እንዲያ ተታሎ የወደቀው ተከላካይ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ ይባላል፤ አንክል ብሬከር። ባለቤቴ ይህን በሰማች ጊዜ «ወይኔ የእናቱ ልጅ!» ብላ ደረቷን መታች። ልጁ በሳቅ ፈረሰ፤ የወደቀው ሰውዬም ተነስቶ ይሮጥ ነበር።

ፋውል የሚባለው እንኳ የቀድሞ ክብሩን አጥቷል። በኔይስሚዝ ሕግ አንድ ቡድን በተከታታይ ሦስት ፋውል ከሠራ ለተጋጣሚው ጎል ይቆጠርለት ነበር። ያኔ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቢጫወት አልፈርድበትም። ዛሬ በኤንቢኤ አንድ ተጫዋች ስድስት ፋውል እስኪሞላ ድረስ ይፈቀድለታል፤ በፊባ አምስት። ሲሞላ ይወጣል፤ ፋውልድ አውት። ዳኛ ላይ አፉን ከከፈተ ቴክኒካል ነው፤ አለመጠን የሚጎዳ ከሆነ ፍላግራንት ነው፤ እሱም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ አለው።

ሆዴን የሚያቃጥለኝ ግን ቻርጅ የሚሉት ነው። አጥቂው ቆሞ በሚጠብቀው ተከላካይ ላይ ከተጋጨ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ቻርጅ። ተከላካዩ ቦታውን ሳይዝ እየተንቀሳቀሰ ከተጋጨ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ብሎክ። ፍትሕ ነው፤ አልተቃወምኩም። ነገር ግን ሰዎቹ ዳኛ እንዲያምናቸው መውደቅን ተማሩት። ማንም ሳይነካቸው እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ ይገነደሳሉ፤ ሜዳ ላይ ተንሸራተው ፎቶ አንሺዎቹ ጭን ላይ ያርፋሉ። ፍሎፕ ይባላል። በ2012 ሊጉ መቀጮ አመጣ፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደገም 5,000 ዶላር። በሚሊዮን የሚከፈለው ሰው 5,000 ዶላር ምኑ ነው? ከ2023 ጀምሮ ግን እዚያው ሜዳ ላይ ቴክኒካል ይሰጥበትና ተጋጣሚ አንድ ነጻ ውርወራ፣ ፍሪ ስሮው፣ ይወረውራል። እንዲህ ነው እንጂ! እኔ ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ስወድቅ ማንም ሪፕሌይ አላየልኝም።

ልጁ እንዳይሰማ እንጂ፣ የምወዳቸው ነገሮች አሉ። ስክሪን አንዱ ነው፤ ጓደኛህ እንዲያልፍ የእሱን ተከላካይ መንገድ ላይ ቀጥ ብለህ ቆመህ መዝጋት። ከተንቀሳቀስክ ጥፋት ነው፤ መቆም አለብህ። ይህ የዕድሜ ባለጠጋ ሊሠራው የሚችል ብቸኛው የቅርጫት ኳስ ሥራ ነው። ስክሪን ያደረገው ሰው ዞር ብሎ ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ ፒክ ኤንድ ሮል ይሆናል። የዩታዎቹ ጆን ስቶክተንና ካርል ማሎን ዓመት ከዓመት ይህንኑ አንዱን ነገር እየደጋገሙ አገር አስለቀሱ፤ ሁሉም እንደሚመጣ ያውቃል፣ ማንም አያቆመውም። ጎል ለሚያገባ ሰው ኳስ አመቻችቶ ማቀበል አሲስት ይባላል፤ ስቶክተን 15,806 አቀብሎ ነው ጫማ የሰቀለው፤ የደረሰበት የለም። አንዲት የሚያስተዛዝብ ስም ሳያስወጣ!

ከቅርጫቱ ሥር ያለው ባለቀለም አራት ማዕዘን ፔይንት ነው፤ ቁልፍ እያሉም ይጠሩታል፤ ጥንት የቁልፍ ቀዳዳ ይመስል ስለነበር ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ከ83 ብቻ ነበር። ጆርጅ ማይከን የተባለ 2 ሜትር ከ8 የሆነ ሰው ቅርጫቱ ሥር ቆሞ አላስጠጋ ስላለ በ1951 እጥፍ አደረጉት። ዊልት ቻምበርሌን ሲመጣ በ1964 እንደገና አሰፉት። ውስጡ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ሲያስቸግር ሜዳው ነበር የሚቀየረው። ዳንክን፣ ማለት ኳስን ከላይ ወደ ቅርጫቱ መጠቅጠቅን፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ከ1967 እስከ 1976 ጨርሰው ከልክለውት ነበር። ይሄን ስነግረው ልጁ ለጊዜው ዝም አለ። ዝም ያሰኘሁት በዚህ ብቻ ነው።

ሦስት ነጥብ የሚሉት በኤንቢኤ ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከፊት ለፊት 7 ሜትር ከ24፣ ከማዕዘኑ ግን 6 ሜትር ከ70 ገደማ። ለምን ማዕዘኑ አጠረ ብትሉ ሜዳው ስለማይበቃ ነው። ዋጋው ግን እኩል ሦስት ነው። ይህን ያየ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን የሚከፍተው ማዕዘን ላይ ነው፤ ተጫዋቾቹም እንደዚያው። ከሩቅ ወርውረህ ቦርድም ቀለበትም ካልነካህ ኤርቦል ነው፤ ተመልካቹ በዜማ ያዋርድሃል። ቀለበቱን አንኳኩቶ የተመለሰ ብሪክ ነው፤ ጡብ ማለት ነው። በቀን ስንት ጡብ እንደሚጣል ብታዩ ቤት ይሠራ ነበር ትላላችሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ጊዜ ፍርዴ ከሊጉ ጋር ገጥሟል። በ1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ። ኳሱን ይዘው መቆም ስለሚፈቀድ ይዘው ቆሙ፤ ተመልካች እንቅልፉን ለጠጠ። በ1954 የሲራኪዩሱ ባለቤት ዳኒ ቢያዞን በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች 120 ጊዜ ቢወረውሩ ጥሩ ነው ብሎ አሰበ፤ የ48 ደቂቃውን 2,880 ሰከንድ ለ120 አካፈለ፤ 24 ወጣለት። ሾት ክሎክ እሱ ነው፤ በ24 ሰከንድ ካልወረወርክ ኳሱን ታስረክባለህ። ጎበዝ ሰው! በዕድሩ ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ሰዓት እንዲሰቀል ሐሳብ አቅርቤ ሐሳቤ ላይ አንድ ሰዓት ተወያዩበት።

የመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ግን ከነዚህ ስሌቶች ሁሉ ውጭ ነው። ልጁ «ሁለት ደቂቃ ቀረው» ሲለኝ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል ወርዶ፣ ቶና ይደርሳል። ታይም አውት፣ ፋውል፣ ሪፕሌይ፣ ማስታወቂያ፣ እንደገና ታይም አውት። የተሸነፈው ቡድን ሆን ብሎ ፋውል ይሠራል፤ ፍሪ ስሮው የማይችለውን ሰው ፈልጎ ነው የሚሠራበት። ሻኪል ኦኒል ከመቶ 53 ገደማ ብቻ ስለሚያገባ እሱን እያሳደዱ ይይዙት ነበር። ሌላ አገር ይሄ ነውር ይባላል። እዚህ ሃክ ኤ ሻክ ተባለና የስልት መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ፍሪ ስሮው ላይ ነው እንግዲህ ትልቁ ቁስሌ። ፋውል የተሠራበት ሰው ከቦርዱ በአራት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይቆማል። ማንም አይነካውም፤ ማንም አይጋርደውም። ኳስና ቅርጫት ብቻ። ሪክ ባሪ የሚባል ሰው ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ከጭኖቹ መካከል ወደ ላይ ይለቀው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከመቶ 90 ገደማ አስገባ። ዊልት ቻምበርሌንም በ1962 መጋቢት ሄርሺ ከተማ ላይ ኒውዮርክን ገጥሞ ብቻውን 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ፍሪ ስሮውን እንዲሁ ከታች ነበር የወረወረው፤ ከ32ቱ 28ቱን አገባ። ከዚያ ቻምበርሌን ተወው። ከላይ መወርወር ጀመረና ሲስት ኖረ፤ የዘመኑ ሁሉ ሲደመር ከመቶ 51 ገደማ ነው። ለምን ተወው? አፍሮ! ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል።

ያሳፈረው ደግሞ ስሙ ነው። ግራኒ ሾት፤ የሴት አያት ውርወራ። ጥፋቱን ሁሉ ዩሮ፣ ዜሮ፣ ክሮስ እያሉ ሲያሽሞነሙኑ የኖሩ ሰዎች፣ አንዲት ሕጋዊ፣ ትክክለኛ፣ የምትሠራ ነገር ስታጋጥማቸው በአያቶች ስም ጠርተው ገደሏት! ሰው ከታች ወርውሮ ከሚያገባ ከላይ እየሳተ መኖርን የመረጠው አያት ላለመምሰል ነው። ይህን ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ባለቤቴ ግን እንቅልፍ የነሳህ ቡናው ነው ትላለች።

የልጅ ልጄም ፍሪ ስሮው አይሆንለትም። ጋራዡ ፊት ያለው ቅርጫት ሥር ቆሜ የሪክ ባሪን አሳየሁት። «አባባ በናትህ፣ ሰው ያየናል» አለ። ስሙን ፈልጎ ስልኩ ላይ አግኝቶት ኖሯል። ያን ጊዜ እኔም እንደ ስም አውጪዎቹ ለመሆን ቆረጥኩ። «አይ፣ ያ ሌላ ነው» አልኩት። «ይሄ ዜሮ ኤልቦ ይባላል።»

«ዜሮ ምን?»

«ኤልቦ። ክርን የማይገባበት። አውሮፓ ነው የጀመረው።»

ዓይኑ በራ። ያን ቀን እስኪመሽ ለቀቀው፤ ለጎረቤት ልጆችም አስተማረ። ቅዳሜ ጨዋታ ላይ ፋውል ተሠራበትና መስመሩ ላይ ቆመ፤ ጉልበቱን አጠፈ፤ ከታች ለቀቀው፤ ገባ። አሰልጣኙ ክንዳቸውን አጣምረው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዜሮ ኤልቦ ነው፣ ኮች።»

አሰልጣኙ አገጫቸውን አሻሹ። «አዎ» አሉ፤ «እሱንማ አውቀዋለሁ።»